ወይራ የሸተተ ሲጋር

ጋሽ አስራት ያረፉ ዕለት ጎባ ላይ ያልተለመደ ችግር ገጠመን። ዕድርተኛው ድንኳኑን ተከለ፤ አግዳሚው ተደረደረ፤ ንፍሮው ተቀቀለ። ግን የለቅሶው ባለቤት ማን ይሁን? ሚስት የለ፣ ልጅ የለ፣ እህት ወንድም የለ። ሰው ይገባል፤ "እግዜር ያጽናችሁ" ሊል አፉን ይከፍታል፤ ግራ ቀኙን ያይና የሚያጽናናው ሲያጣ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ለቀስተኛ ሞልቶ ሐዘንተኛ የጠፋበት ድንኳን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አየሁ፤ ለማንም አይስጥ።

አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጊኒር ነው የሚኖሩት፤ ሐጂ ጀማል ይባላሉ። ከጠዋት ጀምሮ ስደውል ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። እኚህ ሐጂ ደግሞ ከዓመታት በፊት ሮቤ ከብት ተራ መሐል ቆመው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "አስራት፣ እኔ ያንተን ለቅሶ አልደርስም፤ ወላሂ!" ብለው የማሉ ሰው ናቸው። ጋሽ አስራት ግን እስከመጨረሻው፣ "ይመጣል" እንዳሉ ነው የሞቱት። ስልኩን በእጄ ይዤ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቆሜ፣ ጋሽ አስራት ምርጫ የማይስቱ ሰው፣ ይቺን አንዷን ሳቱ ማለት ነው እያልኩ ነበር።

እኔ መሠረት እባላለሁ። ጎባ ውስጥ ባንድ ሆቴል፣ ከእንግዳ መቀበያው ጎን ባለች ባንኮኒ ወይን ጠጅ፣ ፖስትካርድ፣ የሱፍ ኮፍያና ሲጋር እሸጣለሁ። ሲጋር ስል እንዳትደነግጡ። እንግዶች ሳነቴ አምባ ላይ ቀይ ቀበሮ ሲያዩ ውለው በብርድ ደርቀው ይመለሳሉ፤ እሳት ዳር ቁጭ ብለው "ሲጋር አለ?" የሚሉ አይጠፉም። የሆቴሉ ባለቤት ይህን ሰማና ከአዲስ አበባ አስመጥቶ "ሽጪ" አለኝ። ስለ ሲጋር የማውቀው አንድ ነገር አልነበረም። እኛ ቤት የትንባሆ ስሙም አይነሳ። ግን አላውቅም ማለት ደግሞ አልወድም፤ አመሌ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሮቤ መንገድ ሥራ ላይ ያለ መሐንዲስ መጣ። ሚስቱ አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያ ልጁን ወልዳለታለች፤ ፊቱ በርቷል። "አጫሽ አይደለሁም፤ ዛሬ ግን አንድ ሲጋር ካላጨስኩ አይሆንም። ለስለስ ያለ፣ ጉሮሮ የማይቧጥጥ፣ ክሬም ክሬም የሚል ካለሽ ስጪኝ" አለኝ። ትልቁን፣ ጥቁሩን፣ ወገቡ ላይ ወርቃማ ቀለበት ያሰረውን አነሳሁና "ምርጡ ይሄ ነው" አልኩት በሙሉ ልብ። ለኮሰው። ሁለቴ ሳበ። ከዚያማ ሳል በሳል ሆነ! ፊቱ በርበሬ መሰለ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ልጁን ሳያይ ሊሞትብኝ ነው ብዬ ውኃ ይዤ ሮጥኩ።

ጥግ ላይ ትንሽ ሬዲዮ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ሻይ የሚጠጡ ሽማግሌ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ አረንጓዴ ሹራብ የለበሱ፣ ከደረት ኪሳቸው ማበጠሪያ ብቅ ያለች። ሬዲዮውን ዘጉና መጡ።

"ልጄ፣ ለዚህ ሰው የሰጠሽው ሲጋር አይደለም፤ ቅጣት ነው" አሉኝ።

መጀመሪያ እጃቸውን ታጥበው መጡ። ሳሙናውን በደንብ አለቅልቀው፣ በንጹሕ መሐረብ አደረቁ። ከዚያ ሲጋሮቹን አንድ በአንድ እያነሱ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው ከእግሩ እስከ ራሱ ቀስ እያሉ ጫን ጫን አደረጓቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ነው ታዲያ። አንዱን አሸተቱና መለሱ። ሁለተኛውን መለሱ። ሦስተኛውን ይዘው ቆዩ። ወፈር ያለ፣ ቡናማነቱ የነጣ፣ ቀለበቱ ተራ ወረቀት የሆነ ነው፤ እኔ ከኋላ የደበቅኩት።

"ይሄ ነው" አሉ ለመሐንዲሱ። "ቶሎ ቶሎ አትሳብ። ጭሱን አትዋጠው፤ አፍህ ውስጥ ያዘውና ልቀቀው። ከአንዱ ስበት እስከ አንዱ ድረስ ስለ ልጅህ አንድ ነገር አስብ።"

ሰውየው አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጠ። አንዴም አልሳለ። በመጨረሻ "እትዬ፣ ወተት ይላል እኮ! ወተት!" እያለ ሊያቅፈኝ ምንም አልቀረው። እትዬ ያለኝ እኔን ነው፤ ያኔ ሠላሳም አልሞላኝ።

በሰው ፊት ስለታረምኩ በግኛለሁ። "ጋሽዬ፣ ይህን ያህል ካወቁ እርስዎስ አንድ አይለኩሱም?" አልኳቸው እንደ ማሽሟጠጥ ብዬ። "የልብ ሕመም አለብኝ" አሉ። "ሐኪሙ ማጨስ ነው የከለከለኝ፤ መምረጥ አልከለከለኝም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥር ሰዓት ሲሆን ይመጣሉ። ጋሽ አስራት ከግብርና ቢሮ ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲናናና አጋርፋ ገበሬ ማሳ ላይ አፈር ሲያሹ የኖሩ። ሰው እንዲህ እርግጠኛ ሆኖ ሲናገር ከሳቸው በቀር አላየሁም። "ይመስለኛል" የሚባል ነገር ከአፋቸው አይወጣም። ዝናብ ይመጣል ካሉ ጃንጥላዬን አነሳለሁ። የሚያናድደው ደግሞ ይመጣል።

"ቀለበት አይተሽ አትምረጪ" ይሉኛል። "ቀለበት ያማረበት ሁሉ ባል አይሆንም። ጥቁረቱን አይተሽ ከባድ ነው፣ ንጣቱን አይተሽ ቀላል ነው አትበይ፤ ብዙ ጊዜ ነጣ ያለው ለስላሳ ነው፣ ግን ዓይን ይዋሻል። እጅሽን እመኚው። ስትጫኚው ቋጠሮ ካለው አይስብም። ባዶ ቦታ ካለው ይነድና ምላስ ያቃጥላል። አሽቺው፤ የፈረስ ጋጣ ከሸተተ ገና ልጅ ነው፣ ይክረም። ደረቅ ሣር፣ ወተት፣ ለውዝ ከሸተተ ደርሷል።" እኔ ሁሉንም እሰማለሁ፤ ሲጋሩን ስይዘው ግን እጄ እንጨት ነው የሚሆነው። ለስላሳ የሚሉት ነገር በጭራሽ አልገባኝ አለ።

አንድ ሐሙስ "ተነሺ፣ ሮቤ ገበያ እንሄዳለን" አሉ። ሚኒባስ ይዘን ሄድን። ቀጥ ብለው ቅቤ ተራ ወሰዱኝና "ለጋውን ምረጪልኝ" አሉኝ። ይሄማ ምን ይቸግራል? ከአንዷ ሴትዮ አንዱን አነሳሁ፤ በአውራ ጣቴ ጫን አልኩ፤ አሸተትኩ፤ መለስኩ። ከሌላዋ ሌላ አነሳሁ። ሴትዮዋ "በሳል አይደለም፣ ለጋ ነው ልጄ!" ስትለኝ "አይ እማማ፣ ይሄ ሁለት ሳምንት አልፎታል" አልኳት፤ ሳቀች፣ ከሥር የደበቀችውን አወጣች። ያንን ጫን ስለው እጄ ውስጥ ቀለጥ አለ፤ ሽታው የጠዋት ወተት ነው። "ይሄ" አልኩ።

ጋሽ አስራት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያዩኛል። "ማን አስተማረሽ?"

"ማንም። ሲመረጥ እያየሁ አድጌ ነው።"

"እንግዲያው ሲጋር መምረጥ ታውቂያለሽ። ማወቅሽን ነበር ያላወቅሽው" አሉ። ቅቤውን ግን ለኔ ሰጡኝ፤ ሐኪሙ እሱንም ከልክሏቸዋል። በማግስቱ ዓይኔን ጨፍኜ ሣጥኑን ዳሰስኩ፤ ሦስተኛው ላይ እጄ ቆመ። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወዲያ አንድም እንግዳ አላሳልኩም፤ ይህን ስል እየኮራሁ ነው።

ይህን ሁሉ ከየት እንዳመጡት የነገሩኝ በክረምት ነው። አባታቸው ወታደር ነበሩ፤ በምሥራቁ ጦርነት ሞቱ። እናታቸውን አያውቋቸውም። ጎረቤታቸው አዮ ዘይነባ የሚባሉ እናት ነበሩ፤ አዮ ማለት በዚያ ቤት እማዬ ማለት ነው። የሳቸውም ባል በዚያው ጦርነት አልቋል። አስራትን ከልጃቸው ከጀማል ጋር አንድ ቁርበት ላይ አሳደጉት። የወተት ዕቃቸውን፣ ጮጯቸውን፣ በወይራ ጭስ አጥነው፣ ወተቱን ለሁለቱ እኩል ይቀዱላቸዋል። "ረቡዕና ዓርብ ግን ለኔ ወተት የለም" አሉኝ ጋሽ አስራት። "እስላም ናት እኮ፤ የኔን ጾም የምትቆጥረው ግን እሷ ነበረች። 'የናትህ ነፍስ ትቆጣኛለች' ትለኛለች፤ ጮጮውን ትደብቅብኛለች።"

ከዚያ መንግሥት የሟች ወታደር ልጆችን ለትምህርት ኩባ ላከ፤ ሁለቱም ሄዱ። ግማሽ ቀን ክፍል፣ ግማሽ ቀን እርሻ። ሁለቱን ትንባሆ ማድረቂያ ቤት መደቧቸው። ኤላዲዮ የሚባል ሽማግሌ ነበር አሉ፤ ቅጠል በእጁ ብቻ የሚለይ። አንድ ቀን ልጆቹ ከባዱን ቅጠል ሰርቀው ጠቅልለው አጨሱና ሲያስመልሳቸው ዋለ። ሽማግሌው አልገረፋቸውም፤ ስኳር በውኃ አጠጣቸውና "ስታረጁ ለስላሳውን ሁለት ሆናችሁ ምረጡ፤ እስከዚያ እጃችሁን አስተምሩት" አላቸው። ተማማሉ። አገራቸው ተመለሱ፤ አስራት ጎባ ቀረ፣ ጀማል እናቱን ይዞ ጊኒር ገብቶ ከብት ነጋዴ ሆነ። ሲጋሩ ተረሳ፤ መጠያየቁ ግን አልተረሳም።

"ታዲያ ምን አጣላችሁ?" አልኳቸው።

ሻያቸውን ገፋ አደረጉት። "አዮ ሞተች። እኔ ሐረና ጫካ ለሥራ ወርጄ ስልክ የለም። ስሰማ ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ተቀብራለች። አውቶብስ ተሳፈርኩ። ጊኒር ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው 'ወራጅ' አልኩና ወረድኩ። ያሳደገችኝን አፈር ሳላለብስ ምን ፊት ይዤ ልግባ? ነገ እሄዳለሁ አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ፤ ሳምንቱ ዓመት ሆነ። ጀማል ሮቤ ከብት ተራ አገኘኝና ማለ። እውነቱን ነው።"

ለቅሶ መቅረት በኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ አልልም። ሰው ሠርግህን ቢቀር ሥራ ይዞት ነው ትላለህ። ለቅሶህን ከቀረ ግን አልቆጠረህም ማለት ነው። ያውም ለእናት!

አምና ክረምት ልባቸው ጠናባቸው። ሆስፒታል ተኝተው ሲወጡ ሹራቡ ሰፍቷቸዋል። ከኩባ ዘመን የሚያውቃቸው አንድ ሰው ከአዲስ አበባ አምስት ሲጋር ልኮላቸው ነበር፤ በእንጨት ሣጥን፣ ውስጡ የረጠበ የገል ስባሪ አድርገው ቅጠሉ እንዳይደርቅ እኔ ባንኮኒ ላይ ነው የሚያስቀምጡት። ሣጥኑን አስወርደው አጠገባቸው አደረጉ።

"መሲ፣ ሞት አልፈራም። ባዶ ድንኳን ነው የምፈራው። ዕድሩ ይቀብረኛል፤ ማን ወንድሜ ብሎ ይቁምልኝ? ከዚህ ውስጥ ለስላሳውን ከጀማል ጋር መምረጥ እፈልጋለሁ። ደውይለት። የኔን ድምፅ ከሰማ ይዘጋዋል።"

ደወልኩ። ከወዲያ በግ ሲጮኽ ይሰማኛል።

"ሐጂ ጀማል ነዎት? መሠረት እባላለሁ፣ ከጎባ። ጋሽ አስራት ናቸው ያስደወሉኝ።"

"ሞተ እንዴ?" አሉ።

"ኧረ አልሞቱም! ሊያገኙዎት ይፈልጋሉ።"

"ካልሞተ እግር አለው። የጊኒር መንገድ አልተዘጋም።"

"ልባቸው ታሟል ሐጂ፤ መንገድ አይችሉም።"

"ያኔስ ልቡ ታሞ ነበር?"

እዚህ ላይ የኔም አመል ተነሳ። "ሐጂ፣ እኔ ሽማግሌ አይደለሁም፤ ሱቅ ሻጭ ነኝ። እሳቸው አጥፍቻለሁ ነው የሚሉት። መስደብ ከፈለጉም መጥተው ፊት ለፊት ይስደቧቸው፤ በስልክ ስድብ ምን ያደርጋል?"

ስልኩን ይዘጉታል ስል ሳቁ። "የማን ልጅ ነሽ አንቺ? ሐሙስ ሮቤ ለገበያ እመጣለሁ። ጎባን ካለፍኩባት አልፍባታለሁ። ቃል ግን አልገባም።"

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ያ ክረምት የጎባ ዝናብ አላባራ ብሎ ልብሳችን ሁሉ ሻግቷል። ማክሰኞ ሣጥኑን ስከፍት የሻገተ እንጨት ሸተተኝ። ሲጋሮቹ ደህና ናቸው፤ ክዳኑ ላይ ግን ነጭ ነገር ጀምሯል። ሐሙስ ሐጂ ይመጣሉ! በዚህ ሽታ ሊታረቁ? ዕቃ ሲሸት ምን ይደረጋል? የባሌ ልጅ ነኝ፤ እናቴ ጮጮ ሲሸትባት የምታደርገውን አደረግኩ። ሲጋሮቹን አወጣሁ፣ ሣጥኑን ጠረግኩ፣ ወይራ ፍም ላይ አድርጌ ሣጥኑን ደፋሁበትና ጥርት አድርጌ አጠንኩት። ሲበርድ ሲጋሮቹን መለስኩ፣ ገሉን አረጠብኩ፣ ዘጋሁት። ምን ብልህ ሴት ነኝ እያልኩ ነበር እኮ!

ረቡዕ ጋሽ አስራት መጡ፣ ታጠቡ፣ ከፈቱ፣ አሸተቱ። ፊታቸው ተቀየረ።

"ሣጥኑን ማን አጠነው?"

"እኔ።"

"እንደ ጮጮ?"

"እንደ ጮጮ።"

"ሲጋር የሰጡትን ሽታ ሁሉ ይጠጣል፤ አላስተማርኩሽም?" አሉ። አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። "አምስቱም ወይራ ወይራ ብለዋል። የደረሰ ቅጠል፣ ሌላ ሽታ ገባበት ማለት አለቀለት ማለት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ፤ አንቺ ነሽ።" ሣጥኑን ዘጉና ሬዲዮውንም ሳይከፍቱ ወጡ። ባንኮኒው ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። የሰው ዕርቅ ነው ያበላሸሁት፤ ቀልድ አይደለም።

ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ ሐጂ ጀማል ገቡ። ደንዳና ሰው ናቸው፤ ነጭ ቆብ፣ ጭቃ የነካው ቦቲ ጫማ፣ ከዘራ። ጋሽ አስራት ተነሱ። "ነጋ ጂርታ?" አሉ በኦሮምኛ፣ ደህና ነህ ለማለት። "ነጋ" አሉ ሐጂ፤ ሁለት ወንበር አልፈው ተቀመጡ። እጅ አልተጨባበጡም። እኔ ሻይ ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ጋሽ አስራት ሣጥኑን ገፋ አደረጉላቸው።

"ሐጅ አድርጌአለሁ፤ ትንባሆ አላጨስም። ይሄን አታውቅም?" አሉ ሐጂ።

"አውቃለሁ። እኔንም ሐኪም ከልክሎኛል። ለመምረጥ ነው። ኤላዲዮ ያለንን ረሳኸው? ብቻ ተበላሽቷል ጀማል፤ ይቅርታ፣ ይሄም ተበላሽቶብኛል።"

ሐጂ ትንሽ አመነቱ። ከዚያ እጃቸው ገባና አንዱን አነሳ። እጃቸው አልኩ፤ እሳቸው ገና እንደተቆጡ ነበሩ፣ እጃቸው ግን በራሱ ጊዜ ከእግሩ እስከ ራሱ ጫን ጫን አደረገው። ሌላ አነሱ። ሦስተኛው ላይ ቆዩና ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

"ኤጀርሳ!" አሉ። ወይራ ማለታቸው ነው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። "ሐጂ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሣጥኑ ሻግቶ እኔ ነኝ ያጠንኩት፤ እሳቸው የሉበትም" እያልኩ ስለፈልፍ አልሰሙኝም። እንደገና አሸተቱ።

"የአዮ ጮጮ" አሉ። "አስራት፣ አሽትተው።"

"ትናንት አሽትቻለሁ።"

"አሽትተው አልኩህ!"

ጋሽ አስራት ተቀብለው አሸተቱ። ትናንት ያሸተቱት እንደ አዋቂ ነበር፤ ስህተቱን ብቻ ነው ያገኙት። አሁን ግን እንደ ልጅ አሸተቱና ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያ ሁልጊዜ እርግጠኛ የሆነ ሰው ሲያለቅስ ሳይ ሻዩን ከነትሪው ባንኮኒ ላይ አስቀመጥኩ።

"ኩባ በገባን ሰሞን ይሄን ነበር እኮ የምንፈልገው" አሉ ሐጂ። "ወተት ሲሰጡን ሽታ የለውም ብለን የምናለቅስ።" ሲጋሩን ከጋሽ አስራት እጅ መልሰው ወሰዱና፣ "ለምን አልመጣህም?" አሉ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ከቁጣ የባሰ ነበር።

ጋሽ አስራት ነገሯቸው። ሐረናን፣ አውቶብሱን፣ "ወራጅ" ያሉበትን ቦታ። ምክንያት አላበዙም። "አፍሬ ነው" አሉ፤ "እያፈርኩ ስቆይ ጥፋት ላይ ጥፋት ጨመርኩበት።"

"እኔ እኮ በር በሩን እያየሁ ነበር። ሰው ሁሉ ሲመጣ፣ አስራት ነው እያልኩ።" ሐጂ ዓይናቸውን በቆባቸው ጠረጉ። "ማልኩ እኮ አስራት። ወላሂ ብያለሁ።"

"አውቃለሁ። መሐላህን አፍርስ አልልህም። ይቅር በለኝ ነው የምልህ።"

"አዮ ይቅር ትበልህ። እሷ እንደሆነ አንተን ተቀይማህ አታውቅም።" ተነሱ። ሲጋሩን ይመልሱታል ስል ደረት ኪሳቸው ከተቱት። በሩ ላይ ደርሰው ወደኔ ዞሩና፣ "ሲጋር እንደ ጮጮ የምታጥን ሴት ያ ረቢ!" ብለው እየሳቁ ዝናቡ ውስጥ ገቡ። ስለ ለቅሶው ግን አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ከዚያ በኋላ በጊኒር ሹፌሮች በኩል ሰላምታ ይመጣል፤ ከዚህ ያለፈ የለም። እኔ ቅር ይለኛል። ጋሽ አስራት ግን እንደ ድሮው ሆኑ። "ይመጣል" ይላሉ።

"ምለዋል እኮ ጋሽዬ። የሐጂ መሐላ ቀልድ ነው እንዴ?"

"ኪሱ ከተተው አይደል? ጀማል የመረጠውን አይመልስም። እጁን እኔ ነኝ የማውቀው።" ጥር ላይ በተኙበት ሲያርፉም የመጨረሻው ወሬያቸው ይኸው ነበር አለችኝ ያስታመመቻቸው ጎረቤት።

እንግዲህ ድንኳኑ ውስጥ ነን። ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ነው። ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ በግ የሚጭን አንድ አይሱዙ መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። ዛሬ ግን በግ አይደለም የጫነው። ነጭ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌዎች፣ ሻሽ ያሰሩ እናቶች ከኋላው ላይ ይወርዳሉ። ከፊት ወንበር ሐጂ ጀማል ወረዱ።

ሮጥኩ። "ሐጂ! ስልክ እኮ..."

"ጠዋት ከጎባ የመጣው የመጀመሪያው ሹፌር ነገረኝ፤ ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ነኝ። ስልክ ማን ያያል?"

"መሐላውስ?" አልኳቸው። ምላሴ አያርፍ።

"የቱ መሐላ? የመሐላ ማፍረሻ ከፋራውን አውጥቼ የለ! አሥር ሚስኪን አብልቼ ፈትቼዋለሁ።"

"ዛሬ ጠዋት?"

"ምን ዛሬ! ያኔ ከናንተ የተመለስኩ ጊዜ፣ ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም? ሲጠብቁ ነው የሞቱት እኮ!"

ሐጂ ትክ ብለው አዩኝ። "ልጄ፣ ለወንድም 'ለቅሶህን እደርሳለሁ' ተብሎ በስልክ ይነገራል?"

መንገድ ለቀቅኩላቸው። ገቡ። ጫማቸውን አውልቀው ሬሳው አጠገብ ትንሽ ቆሙና ድንኳኑ ውስጥ ከፊት ያለው ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከጠዋት ጀምሮ ሁሉም ሰው እየሸሸው የነበረ ወንበር ነው። ወዲያው ከአጋርፋ የመጡ፣ ጋሽ አስራት በሥራ ዘመናቸው ያስተማሯቸው ገበሬዎች ገቡ። አንደኛው ቆብ በእጁ ይዞ ዙሪያውን አየና ጠየቀ።

"የለቅሶው ባለቤት ማን ናቸው?"

"እኔ ነኝ" አሉ ሐጂ ጀማል። "ወንድሙ ነኝ።"

ከጠዋት ጀምሮ ዝም ብሎ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ተነሳ። አንድ በአንድ እየመጣ፣ ጎንበስ እያለ፣ በአፉ ይዞት የዋለውን "እግዜር ያጽናዎት" አወረደው። እሳቸው ለእያንዳንዱ "አሚን" ይላሉ። ተራዬ ሲደርስ እኔም ጎንበስ አልኩ። ከደረት ኪሳቸው ወይራ ሸተተኝ።